የባርጎም ጀርባ

የቀሬን ተራራ ከሰባት ትውልድ ዝምታ በኋላ ባጨሰ ዕለት፣ ወፎቹ ቀድመው ያወቁ ይመስላል። ከማለዳ ጀምሮ ከተራራው ወገብ እየተነሡ፣ የሐዊርን ገደል እየተሻገሩ፣ በአርሞን ከተማ ጣራዎች ላይ ሰፈሩ፤ አንዳቸውም ድምፅ አላሰሙም። በዚያ ቀን ሁለቱ ከፈረሱ በኋላ በገደሉ ላይ የተሠራው ሦስተኛ ድልድይ ሊመረቅ ሕዝቡ አፋፉን ሞልቶት ስለ ነበር፣ ብዙው ሰው የወፎቹን መምጣት እንደ መልካም ምልክት ቆጠረው። ሰው የሚወደውን ያያል፤ ምን ይደረግ።

አርሞን ባለችበት በሰንበላ አገር ግንበኞች ዘንድ አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ። ድልድይ የሠራ ሰው፣ የመጀመሪያው እግር በላዩ ሲያልፍ እርሱ ከሥሩ ይቆማል። ሊቀ ግንበኛ ዘሩባም ነጭ ሸማውን ለብሶ ወደ ገደሉ ግርጌ ወረደ፤ ከወንዙ ዳር ባለው ጠፍጣፋ ዐለት ላይ ቆሞ ሽቅብ ተመለከተ። ልጁ ሐመልማ ከአፋፉ ሆና እጇን አወዛወዘችለት። እርሱም አወዛወዘላት። የቀሬን ራስ ያን ጊዜ ጢስ ተፋ፤ ምድርም፣ ተቀምጦ እንደሚያንጎላጅ ሰው፣ አንዴ ነቅነቅ አለች። ያ ድልድይ ድንጋዩ ከድንጋዩ በኖራና በቀለጠ እርሳስ ተጣብቆ አንድ አካል ሆኖ ነበርና መታጠፍን አያውቅም፤ ተሰበረ።

ዘሩባን አግኝቶ ለመቅበር ሦስት ቀን ሙሉ ድንጋይ ተነሣ።

ከገደሉ ማዶ ያለችው ዘልማ በሦስት ወገን ገደል፣ በአራተኛው ወገን ቀሬን የከበባት አገር ናት። ዐሥራ ሁለት ሺህ ነፍስ ይኖርባታል። የሐመልማ እናት ወይዘሮ ትርንጎም የእኅቷን ልጅ ልትድር፣ ድልድዩ ገና ሲሠራ በእንጨቱ ርብራብ ላይ ተደግፋ ተሻግራ፣ እዚያው ቀርታለች። ቀስተኞች ክር የታሰረበት ፍላጻ ወርውረው ገመድ ቢዘረጉም፣ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሻገር ጎልማሳ ብቻ ነው። ሕፃን፣ አራስ፣ ሽማግሌ፣ እንደ ትርንጎ ጉልበቱን የሚያመው ሰው፣ ምን ይሁን?

ንግሥት ዕንቈ ሰማይ መምህራንንና ግንበኞችን ሰበሰበች። የመጽሐፍ ቤቱ አዛውንት ከብራናው እንዲህ ሲሉ አነበቡ፦

«ቀሬን ባጨሰ በዐሥረኛው ጨረቃ እሳቱን ያፈስሳል። በዚያ ቀን የቆመ ይወድቃል፤ የሚራመድ ያሻግራል።»

ግንበኞቹ ተከራከሩ። አንዱ ምሰሶው ይወፍር አለ፤ ሌላው እርሳሱ ይጨመር አለ። ሁሉም የሚጀምሩትና የሚጨርሱት ከአባቶቻቸው በወረሱት ቃል ነበር፦ «ሥጋ ይበሰብሳል፤ አጥንት ይኖራል።» ድንጋይ አጥንት ነው፣ በመካከሉ ለስላሳ ነገር አይግባ ማለታቸው ነው። ከሁሉም በላይ አጥብቆ የተናገረው የዘሩባ ደቀ መዝሙር መከታ ነበር። እጀ ብርቱ፣ ልበ ቀና፣ ጸሎቱን የማያስታጉል ወጣት ነው፤ የሠራው ግንብ መጋጠሚያ ውስጥ ጥፍር አይገባም ይባልለታል።

በዚህ መካከል ከበሩ ዘንድ አንድ ሰው ሳቀ። ለቤተ መንግሥቱ ቆዳ ሊያስረክብ የመጣ ሽንቁጥ የሚባል ሽማግሌ አዳኝ ነው።

«ምን ያስቅሃል?» አለች ንግሥቲቱ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ግርማዊት ሆይ። የሚራመድ ድልድይ ሲሉ ጊዜ ነው። እኔ አይቻለሁ።»

«ጠጅ ቤት ነው ያየኸው?» አለ አንዱ ግንበኛ፤ አዳራሹ ሳቀ።

«ጠጅ ቤትማ ያየሁት አንተ ስትራመድ ነው፤ እሱም ተአምር ነበር» አለ ሽንቁጥ፣ ቆዳውን ከትከሻው እያወረደ። «ከጨው ሜዳው ማዶ፣ ከረግረጉ ውስጥ፣ ባርጎም የሚሉት አውሬ አለ። ኮረብታ ያህላል። ረግረጉ ጥልቅ ሲሆንበት አንገቱን በዚህ ወገን፣ ጅራቱን በዚያ ወገን ዘርግቶ ይቆማል፤ ግልገሎቹ በጀርባው ላይ ይሻገራሉ። እርሱ ይወዛወዛል እንጂ አንድም ቀን ሲሰበር አላየሁም።»

ሐመልማ እስከዚያ ድረስ ታዳምጥ ነበር። ማዳመጥን ከአባቷ ነው የተማረችው፤ ዘሩባ ድንጋይ ሳይጠርብ በፊት ጆሮውን ለጥፎ የሚያደምጥ ሰው ነበር። ሰዎች ይስቁበታል፤ እርሱ ግን «ፈጣሪ ለፍጥረቱ ሁሉ ቋንቋ ሰጥቶታል፣ እኛ ነን የማንጠይቅ» ይል ነበር። ሦስተኛውን ድልድይ ሲሠራ ግን ሹማምንቱ አስቸኩለውት እንዳላደመጠ፣ ልጁ ብቻ ታውቃለች።

ተነሥታ ከዙፋኑ ፊት ቆመች።

«ግርማዊት ሆይ፣ የአውሬውን አካል እንዳይ ይፈቀድልኝ። በሦስተኛው ጨረቃ እመለሳለሁ። ድልድዩንም እሠራለሁ። በሠራሁትም ቀን አባቴ በቆመበት ዐለት ላይ እቆማለሁ፤ ይህን በሰማይና በምድር ፊት እምላለሁ።»

«አባትሽን የወሰደ ዐለት ነው» አለች ንግሥቲቱ። «መሐላሽን እቀበላለሁ። ብቻሽን ግን አትሄጂም።»

መከታ ሳይጠሩት ተነሣ።

* * *

ሽንቁጥ እየመራቸው የጨው ሜዳውን በሃያ አንድ ቀን አቋረጡት። መሬቱ በቀን እንደ መስተዋት ዓይን ይወጋል፤ ነፋሱ ከንፈር ይሰነጥቃል። በዐሥራ አራተኛው ቀን ውኃ የተሸከመችው በቅሎ ቅርፊቱን ሰብራ ጨው ውስጥ ገባች፤ ሦስቱም ገመድ ይዘው እስከ ማታ ቢታገሉ ሊያወጧት አልቻሉም። ከዚያ ወዲያ በቀን ሦስት ጉንጭ ውኃ ይጠጡ ጀመር። መከታ የእርሱን ሦስተኛ ጉንጭ ሳይነካ ወደ ሐመልማ ኮዳ ይገለብጠው ነበር። ሽንቁጥ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ከረግረጉ ዳር ሲደርሱ በመጀመሪያ ያገኙት የሞተ ባርጎም ነው። አሞራና ዝናብ ሥጋውን ጨርሰውት፣ አጥንቱ እንደ ፈረሰ ቤተ መንግሥት ነጭቶ ተጋድሟል። መከታ ደስታውን ሊደብቅ አልቻለም። የጀርባውን አንጓዎች አንድ በአንድ ቆጠረ፤ አርባ አንድ ሆኑ። በአንዳንዱ አንጓ ጫፍ ላይ የቀረውን የደረቀ ለጋ አጥንት በቢላዋው ፍቆ ጣለ፤ ከዚያም አንጓዎቹን አንዱን ከሌላው አስጠግቶ፣ በጭቃ አጣብቆ፣ በሁለት ጉቶ ላይ ዘረጋቸው።

«ይኸው ድልድያችን» አለ። «አርባ አንድ ድንጋይ፣ በዚህ ቅርጽ የተጠረበ። ቅርጹ ነው ምሥጢሩ።»

ሽንቁጥ ቀረብ ብሎ በእግሩ አንድ ጊዜ ረገጠው። ከመካከሉ ተገምሶ ወደቀ።

«አንተ ሰውዬ!»

«ተቆጣኸኝ? እኔ እኮ ግልገሉን ነው የሆንኩልህ» አለ ሽንቁጥ። «መከታ ልጄ፣ ይሄ ሬሳ ነው። ሬሳ ሲራመድ አይተህ ታውቃለህ?»

ሐመልማ ግን አጥንቱን አላየችም። ጎንበስ ብላ መከታ ፍቆ የጣለውን ፍርፋሪ ከመሬት ለቀመች፤ በጣቶቿ መካከል አሸችው። ደርቋል፤ ሆኖም አንድ ወቅት ለስላሳ እንደ ነበር ያስታውቃል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ትርፍ ነዋ» አለ መከታ። «ሥጋ ይበሰብሳል...»

ቃሉን ሳይጨርስ ተወው፤ እርሷም ፍርፋሪውን በመቀነቷ ጫፍ ቋጠረችው።

በሁለተኛው ቀን ጧት ሕያው ባርጎም አዩ። ከረግረጉ ጉም ውስጥ መጀመሪያ አንገቱ ወጣ፤ ከዚያ ጀርባው፣ ሣር የበቀለበት፣ ረጅም፣ እየተነሣና እየወረደ። አራት ግልገሎች ይከተሉታል። ከጥልቁ ሲደርስ የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ፣ የፊቶቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ቆመ፤ አንገቱን በማዶው ደረቅ መሬት አሳረፈ። ግልገሎቹ እያንዳንዳቸው በሬ ያህላሉ፤ በጅራቱ ወጥተው በጀርባው ላይ መራመድ ጀመሩ።

«ቅርብ ሆኖ የነካው ሰው አለ?» አለች ሐመልማ።

«አንድ አውቃለሁ» አለ ሽንቁጥ። «የማውቀው ግን በስም ነው፤ መቃብር የለውም።» ከዚያ ዓይኗን አይቶ ቀልዱን ተወ። «እሺ ስሚኝ። ሲተነፍስ ሂጂ፤ ትንፋሹን ሲይዝ ቁሚ። ከእርሱ እኩል ከተነፈስሽ ከግልገሎቹ ይቆጥርሻል። ከፈራሽ ትንፋሽሽ ይቀድመዋል፤ ያን ጊዜ አበቃ።»

መከታ ክንዷን ያዘ። «እኔ ልሂድ።»

«አንተ ታያለህ፣ መከታ። እዚህ የሚያስፈልገው መስማት ነው» አለችው፤ እንዳይከፋውም እጁን በእጇ ጥቂት ሸፈነችው።

ጭቃው እስከ ደረቷ ዋጣት። ስትሄድ፣ ስትቆም፣ ስትሄድ፣ ከንፈሯ ብቻ «አንተ ያወቅህ» እያለ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላ ጸሎት አልመጣላትም። ከጎኑ ደረሰች። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። ጆሮዋን ከጀርባው ሥር ለጠፈች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

መጀመሪያ የሰማችው የልቡን ምት ነበር። ቀጥሎ አንድ ግልገል ከራሷ በላይ ሲረግጥ፣ አጥንት ከአጥንት ሲቀባበል ሰማች። አንዱ አንጓ ሸክሙን ተቀብሎ ዝቅ ይላል፤ ከጎኑ ያለው ይቀበለዋል፤ እርሱም ለሌላው ያቀብላል። ማንም ብቻውን አይሸከምም። በአንዱና በአንዱ መካከልም ለጋው አጥንት ይጨመቃል፣ ይመለሳል፤ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረው ጅማት ሁሉንም እንደ መቁጠሪያ ክር ይዟቸዋል። ድምፁ ሁለት ወገን ቆመው የሚቀባበሉ ዘማሪዎችን ይመስላል።

ዓይኗን ስትገልጥ የባርጎሙ ራስ ዞሮ ከፊቷ ነበር። ትንፋሹ ፀጉሯን በተነው። እርሷም ተነፈሰች፣ እኩል። አውሬው እንደ ኩሬ ጥቁር በሆነ ዓይኑ ረጅም ጊዜ አያት፤ ከዚያ እንደ አንዱ ግልገል በአፍንጫው ገፋ አድርጎ ወደ ዳር ላካት።

ወጥታ ጭቃዋን ሳታራግፍ የመቀነቷን ቋጠሮ ፈታች።

«የጣልነው ነው ምሥጢሩ» አለች። «አባቶቻችን አጥንቱን ቆጠሩ። የሚያራምደው በመካከሉ ያለው ነው።»

* * *

በሦስተኛው ጨረቃ እንደ ማለችው ተመለሰች፤ ሥራውም ስድስት ጨረቃ ፈጀ። ድንጋዩ በባርጎም አንጓ አምሳል ተጠረበ። በአንዱና በአንዱ መካከል እንደ ለጋ አጥንት የሚያገለግል፣ በግራር ሙጫ ተነክሮ የተደራረበ የበሬ ቆዳ ገባ፤ ለጅማትም የተገመደ ጠፍር በሁሉም መካከል አልፎ ከሁለቱ አፋፎች ዐለት ታሰረ። ከወንዙ ግራና ቀኝ የቆሙት ሁለት ምሰሶዎች እንደ አውሬው ጉልበት እጥፍ ያሉ ናቸው። የከተማው ሰው መጥቶ ያያል፤ ራሱን ይነቀንቃል። «የዘሩባ ልጅ ድልድይ ነው የምትሠራው ወይስ ጫማ?» ይባል ነበር።

መከታ ከሁሉ በላይ ሠራ፤ ልቡ ግን አላረፈም።

«ከመካከለኛው መጋጠሚያ ሁለት ጣት ክፍተት አየሁ» አላት አንድ ቀን። «ቆዳው አይሞላውም።»

«አይሙላው። ወገብ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚታጠፈው እርሱ ነው።»

«ሐመልማ፣ አንቺ የምትቆሚው እኮ በትክክል ከዚያ ሥር ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አባትሽን እኔ ነኝ በእጄ ያወጣሁት» አለ።

በዐሥረኛው ጨረቃ ዋዜማ፣ ሠራተኛው ሁሉ ለእኩለ ቀን ጸሎት በሄደበት ሰዓት፣ መከታ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሎት አስታጎለ። ከመካከለኛው መጋጠሚያ ቆዳውን አወጣ፤ እርሳስ አቅልጦ አፈሰሰበት፤ ከላዩም አቧራ ነሰነሰ። ክፉ አላሰበም። ጥፍር የማይገባበት ነገር እንደማይወድቅ ከልጅነቱ ተምሯል፤ የሚወዳት ሰው ከባዶ ነገር ሥር እንድትቆም እጁ እሺ አላለውም።

በማግስቱ ሐመልማ ነጭ ሸማ ለብሳ ወደ ዐለቱ ወረደች። የዘልማ ሕዝብ መሻገር ጀመረ፤ ድልድዩ ከእግሩ ሥር በዝግታ ከፍና ዝቅ ይላል። ሰዎች ፈሩ፤ ቀጥሎ ለመዱት። ሽንቁጥ ከአፋፉ ቆሞ «ከእርሱ እኩል ተንፍሱ፣ አትሩጡ፣ እማማ ዶሮዋን ስጪኝ፣ አልበላትም» እያለ ያስተላልፍ ነበር። መከታ የደከመ እየደገፈ ይመላለሳል፤ የወገቡን ገመድም ፈትቶ ለአንዲት አራስ አስሮላት ነበር። ግማሹ ሕዝብ እንደተሻገረ ቀሬን ጮኸ።

ምድር ተናወጠች። እንደ በፊቱ አንዴ ነቅነቅ ብላ አልተወችም። ድልድዩ እንደ ባርጎም ጀርባ ተነሣና ወረደ፣ አንዱ አንጓ ለሌላው እያቀበለ፣ ከዘልማ ወደ አርሞን፣ ከአርሞን ወደ ዘልማ። ሐመልማ ከታች ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። መቀባበሉ መካከል ላይ ሲደርስ ይቆማል። እንደገና አዳመጠች። ይቆማል፤ ከዚያም ቀጭን የሚሰነጠቅ ድምፅ። ዓይኗን ገልጣ ሽቅብ ስታይ፣ በወገቡ ላይ እርሳስ በፀሐይ አብለጨለጨ።

ከላይ የመከታ ፊት ወደ ታች ብቅ አለ። ገደሉ ድምፁን አጥርቶ አወረደላት።

«እኔ ነኝ የደፈንኩት፣ ሐመልማ።»

የሚከፍተው ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁለቱም ያውቃሉ። ሕዝቡ መሻገር ከጀመረ አንሥቶ የታፈነ ጉልበት በአንድ ቦታ ሲለቀቅ፣ ከላዩ ያለውን ይወረውራል። ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ስድስት ሺህ ሰው ቆሟል፤ ከእነርሱም አንዷ እናቷ ናት። ሐመልማ አፏን ከፈተች፤ ቃል እስኪመጣላት ምድር ሁለት ጊዜ ተናወጠች።

«ክፈተው፣ መከታ» አለች። ድምፅዋ ደጅ ቆሞ የሚለምን ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

ሰዎቹን ከግራና ከቀኝ አሸሸ። በሆዱ ተኛ። መሮና መዶሻውን ይዞ መምታት ጀመረ፤ እርሳሱ እየተቆረሰ በሐመልማ ዙሪያ ወንዙ ውስጥ ይወድቃል። እርሷ ከዐለቱ አልተነሣችም። መሐላዋ ነው፤ ደግሞም እርሱ ወደ ታች በተመለከተ ቁጥር ሊያያት ይገባል። የመጨረሻው ቁራጭ ሲነቀል ወገቡ ተከፈተ፤ ታፍኖ የኖረው እንቅስቃሴ ሁሉ በአንድ ጊዜ አለፈ፤ ድልድዩ እንደሚነሣ አውሬ ከፍ አለ። መከታ ከላዩ ተለየ። መዶሻውን አልለቀቀም ነበር።

ድልድዩ ወረደ፣ ተነሣ፣ ወረደ፤ መቀባበሉ ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ ቀጠለ።

ሐመልማ ከወንዙ ዳር አገኘችው። ዓይኑን በእጇ ከደነች፤ ነጭ ሸማዋን አውልቃ አለበሰችው፤ ጆሮዋንም ከደረቱ ላይ ለጠፈች፣ ምንም እንደማትሰማ እያወቀች። ከዚያ ወደ ላይ ወጣች፤ ገና የሚሻገር ሰው ነበርና።

እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ከክፍተቱ አጠገብ ቆማ የእያንዳንዱን ሰው እጅ እየያዘች አሻገረች። ሁለት ጣት የነበረው አሁን አንድ ስንዝር ሆኗል። ቀሬን ከኋላቸው ቀልቶ ዘልማን ሲሸፍናት፣ ከመጨረሻዎቹ ጋር እናቷ ወይዘሮ ትርንጎ ጉልበቷን ይዛ፣ በበትር ተደግፋ ደረሰች። የልጇን ፊት ዳሰሰች፤ ከዚያ የእግሯን ሥር አይታ ቆመች።

«ልጄ፣ ይቺን ሳትሞሉ ረሳችኋት?»

«አልረሳናትም፣ እማዬ» አለች ሐመልማ። «ሰው ሰጥተን ነው የከፈትናት።»

ትርንጎ ማን ብላ አልጠየቀችም። በትሯን ለልጇ አቀብላ፣ የሚያማትን ጉልበት በዝግታ አጠፈች፤ እንደ ቤተ መቅደስ ደጅ የክፍተቱን ከንፈር ተሳለመች፤ ከዚያም ልጇን ተደግፋ ተሻገረች። ከኋላዋ የነበሩትም እንደ እርሷ አደረጉ። እስከ ዛሬ በሰንበላ በዚያ ድልድይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ከመካከሉ ሲደርስ ጎንበስ ይላል፤ ክፍተቷንም ማንም አይሞላትም።